የጠፋ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ሳጠፋ

በአማርኛ «ጠፋ» የማይገባበት የለም። መብራት ይጠፋል። ኮምፒውተር ይጠፋል። ፋይል ይጠፋል። ሰውም ይጠፋል፣ «ምነው ጠፋህ» እንባባል የለ። እኔ በአንድ አርብ ከሰዓት አራቱንም በተራ አየኋቸው። አራተኛው የጠፋው ሰውዬ እኔው ነበርኩ፤ ስልኬን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። ይህን የምጽፈው ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮችን ከወንበሩ ሳይነሳ ማጽዳት ለሚፈልግ ሰው ነው። ስራው ቀላል ነው፣ ከአንዲት ቦታ በስተቀር። እኔ የወደቅኩት እዚያችው ቦታ ላይ ነው።

የምሰራው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ነው። ስሙ ይቅር። የአይቲ ክፍል ይባላል እንጂ ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እኔ፣ ዋይፋይ ሲቋረጥ እኔ፣ ፕሮጀክተር አልበራ ሲል እኔ። ሁለት የኮምፒውተር ላብ አሉን፣ እያንዳንዳቸው 24 ኮምፒውተር፣ ሁሉም ዊንዶውስ 10። ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹንና አካውንቶቹን ሁሉ ከአንድ ሰርቨር የሚያስተዳድር) የለንም፣ ዎርክግሩፕ ነው፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን አካውንት ይይዛል። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ሴሚስተር ሲያልቅ ላቦቹን ማጽዳት የኔ ስራ ነው። ተማሪ ዲ ድራይቭ ላይ የማያስቀምጠው ነገር የለም፤ ፊልም፣ መዝሙር፣ ጌም፣ የአጎቱ ልጅ ሰርግ ቪዲዮ። በዚያ ላይ የፍላሹ ቫይረስ አለ፣ ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው፣ የምታውቁት። ድሮ አንድ በአንድ ነበር የማጸዳው። ቁጭ በል፣ ፓስወርድ አስገባ፣ አጥፋ፣ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርግ፣ ወደሚቀጥለው ወንበር። አንዱ ላብ ግማሽ ቀን ይበላል። ከሰዓት በኋላ ወገቤ የኔ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ደረስኩበት። ዊንዶውስ እያንዳንዱን ድራይቭ ሳትነግሩት በስውር ሼር ያደርገዋል። ሲ ድራይቭን «ሲ ዶላር»፣ ዲ ድራይቭን «ዲ ዶላር» ብሎ። የዶላር ምልክቷ ሼሩ ኔትወርክ ሲታሰስ እንዳይታይ የምታደርግ ናት። የአድሚን መብት ያለው ሰው ሁለት የኋላ ስላሽ፣ የኮምፒውተሩን ስም፣ አንድ የኋላ ስላሽ፣ ከዚያ ዲ ዶላር ብሎ ሲጽፍ የዚያ ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ይከፈትለታል። የኮማንድ ፕሮምፕቱ (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁር መስኮት) ማጥፊያ «ዴል» ደግሞ ይህን አድራሻ ልክ እንደራሱ ፎልደር ይቀበላል። ሌላ ሶፍትዌር መጫን አያስፈልግም። (ትዕዛዞቹን አፋችን እንደሚጠራቸው ነው የምጽፋቸው፤ ኪቦርዱ ላይ ምን እንደሚመታ ታውቁታላችሁ።)

በሩ ግን ወዲያው አልተከፈተልኝም። መጀመሪያ «ኔትወርክ ፓዙ አልተገኘም» አለኝ። ይህኛው ቶሎ ተገኘ፤ ላቦቹ ኔትወርካቸውን «ፐብሊክ» ብለው ስለመዘገቡት ፋየርዎሉ ፋይል ማጋሪያውን ዘግቶታል። መንገዱ 445 የሚባለው ፖርት ነው። ኔትወርኩን ወደ «ፕራይቬት» ቀይሬ ፋይል ሼሪንግ ስፈቅድ መንገዱ ተከፈተ። ቀጥሎ የመጣው ግን ሁለት ቀን በላኝ። ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ተጠቃሚው አድሚን ነው፣ መልሱ ግን «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ»። ደግሜ ሞከርኩ። ያው። ፓስወርዱን ቀየርኩ። ያው።

ምክንያቱ ያች ዎርክግሩፕ ናት። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ፣ የአንድ ኮምፒውተር የራሱ የሆነ አድሚን አካውንት በኔትወርክ በኩል ሲገባ ዊንዶውስ የአድሚንነቱን መብት ገፎ ተራ ተጠቃሚ አድርጎ ነው የሚያስገባው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው «አድሚኒስትሬተር» የሚባለው አካውንት ብቻ ይህ አይነካውም። ዶሜይን ያላችሁ ሰዎችም አይነካችሁም። እኔ የተጠቀምኩት መፍትሄ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ «ሎካል አካውንት ቶክን ፊልተር ፖሊሲ» የምትባለውን ቁጥር 1 ማድረግ ነው፣ በ48ቱም ላይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከወንበር ወንበር እየዞርኩ። ይህን ስታደርጉ ግን በሩን ለራሳችሁ ብቻ አይደለም የምትከፍቱት። ላቡ ውስጥ ያለው ፓስወርድ ሁሉም ጋ አንድ ከሆነ፣ አንዱ ጋ ያወቀው ሰው ሁሉም ጋ ይገባል። ለተማሪ ላብ እሺ አልኩ። ፋይናንስ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ላይ አላደረግኩትም፣ እናንተም አታድርጉት።

ፓስወርድ በየኮምፒውተሩ እንዳይጠይቀኝ የኔን ኮምፒውተር ላቡ ላይ ባለው ስምና ፓስወርድ ገባሁበት። ስሙና ፓስወርዱ ከገጠመ ዎርክግሩፕ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ካልገጠመላችሁ «ኔት ዩዝ» የሚባል የመግቢያ ትዕዛዝ አለ፤ እዚያ ላይ በፓስወርዱ ቦታ ኮከብ አድርጉ፣ ያኔ ራሱ ይጠይቃችኋል። ፓስወርድ ስክሪፕት ውስጥ ጽፎ ማስቀመጥ ግን ቁልፍን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው።

ዴል ከኋላው የሚያስከትላቸውን ፊደላት በቶሎ ልበላቸው። ስላሽ ኤስ ማለት በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ ግባባቸው ነው። ስላሽ ኪው ማለት አትጠይቀኝ። ስላሽ ኤፍ ማለት ሪድ ኦንሊ የሆነውንም አትማር። ዴል ፋይሎቹን እንጂ ፎልደሮቹን አያጠፋም፤ ለፎልደር «አርዲ» ነው። በዴል የጠፋ ነገር ሪሳይክል ቢን አይገባም። በኔትወርክ የጠፋ ነገርማ በማውስ ብታጠፉትም አይገባም። ይህን አውቀው ነበር። ማወቅ ብቻውን ምን ይሰራል።

ቀጥሎ ስክሪፕት (ትዕዛዞች የተደረደሩበት ባች ፋይል) ጻፍኩ። የ48ቱን ስም አንድ ቴክስት ፋይል ላይ ደረደርኩ፣ «ፎር» እያንዳንዱን ስም እያነበበ ስራውን ይደግመዋል። (ባች ፋይል ውስጥ ፐርሰንቷ ሁለት ናት፣ በእጅ ስትጽፉ ግን አንድ። ይህም ግማሽ ሰዓት በልቶኛል።) ችግሩ «ሲዲ» ብሎ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ፎልደር መግባት አይቻልም፤ ኮማንድ ፕሮምፕት እንዲህ ያለ አድራሻ ላይ መቆም አይወድም። ለዚህ «ፑሽዲ» አለ። ፑሽዲ ለአድራሻው ጊዜያዊ ድራይቭ ይፈጥርለታል፣ ከዜድ ጀምሮ ወደ ኋላ እየቆጠረ፣ እና እዚያ ያቆማችኋል። «ፖፕዲ» ሲባል ድራይቩን አፍርሶ ወደነበራችሁበት ይመልሳችኋል። ጥሩ ነገር ነው፣ ወደድኩት። ስክሪፕቴ ሶስት መስመር ሆነ።

ፑሽዲ፣ ወደዚያ ኮምፒውተር የተማሪ ፎልደር።
ዴል፣ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ኪው፣ ኮከብ ነጥብ ኮከብ።
ፖፕዲ።

ሂድ፣ ያለውን ሁሉ አጥፋ፣ ተመለስ። መጀመሪያ የተጠቀምኩበት ሴሚስተር 48ቱን ኮምፒውተር ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰልኝ። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ችግሯን እዚህ ላይ ያያችሁ ካላችሁ ከኔ ትሻላላችሁ።

እንግዲህ ያ አርብ። ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል። ረቡዕ ዕለት ሁለት ክፍል ተማሪዎች የኤክሴል ተግባር ፈተና ተፈትነዋል፣ አንዱ ክፍል ላብ 1፣ ሌላው ላብ 2፣ በአንድ ኮምፒውተር አንድ ተማሪ። የሚያስተምሯቸው መምህር በእድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ጡረታቸው የቀረበ። «ልጄ፣ የልጆቹን ስራ ሰብስብና በፍላሽ ስጠኝ፣ ሰኞ አርማለሁ» አሉኝ። እኔም አርብ ጠዋት ወደ 4 ሰዓት ገደማ በዊንዶውስ መቅጃ ትዕዛዝ በ«ሮቦኮፒ» ከ48ቱም ሰበሰብኩ። የኔ ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ላይ አንድ ፎልደር፣ በውስጡ 48 ፎልደር፣ በየኮምፒውተሩ ስም። አምሮ ተደረደረ። ጥቁሯን መስኮት አልዘጋኋትም። እዚያው የሰበሰብኩበት ፎልደር ላይ ቆማ ቀረች።

ምሳ ሰዓት ላይ ኃይለኛ ዝናብ መጣ፣ መብረቅም ነበረ። የኔ ቢሮ መብራት ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ከሰዓት 9 ሰዓት ሲሆን፣ ስራው ተሰብስቧል፣ እንግዲህ ላቦቹን ላጽዳ ብዬ በዚያችው ጥቁር መስኮት የስክሪፕቱን ስም ጽፌ ኢንተር መታሁ። «ተሰርዟል፣ ተሰርዟል፣ ተሰርዟል» እያለ መስመሩ ይወርዳል። እያንዳንዱ መስመር ላይ የሚሰረዘው ፋይል አድራሻ አለ፣ ዜድ እያለ የሚጀምር። ትንሽ አየሁና ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ታች ላይ «ኔትወርክ ፓዙ አልተገኘም» የሚል መልዕክት ተደርድሯል። ላብ 2 በሙሉ። ለጥበቃው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ላብ ሁለት መብራት አለ እንዴ?»

«ኧረ ከምሳ ጀምሮ የለም። ያ መብረቅ ሲመታ ብሬከሩ ወድቆ መሰለኝ።»

አሃ፣ አልኩ። ላብ 2 ጠፍቷል፣ ስለዚህ አልጸዳም፣ ሰኞ አጸዳዋለሁ። ተረጋጋሁ። ዝም ብዬ ወደ ላይ ስክሮል አደረግኩ። የላብ 1 መጨረሻው ኮምፒውተር አልቋል። የላብ 2 የመጀመሪያው «አልተገኘም» ብሏል። ከሱ ስር ግን «ተሰርዟል» የሚሉ ብዙ መስመሮች አሉ። ያልተገኘ ኮምፒውተር ላይ ምን ይሰረዛል? አድራሻውን አየሁት። ዜድ መሆኑ ቀርቶ ዲ ሆኗል። የኔ ዲ።

ክው ብዬ ቀረሁ። የሆነው ይህ ነው። ፑሽዲ ወደ ላብ 2 ልሂድ ብሎ ሞከረ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ አልተሳካለትም፣ ስህተቱን ተናግሮ ዝም አለ። ባች ፋይል ደግሞ አንዱ መስመር ስለከሸፈ አይቆምም፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የሚቀጥለው መስመር «ያለህበት ያለውን ሁሉ አጥፋ» ነው። ያለሁበት ደግሞ የሰበሰብኩት ፎልደር ነው። ዴል የት እንዳለ አይጠይቅም፣ ስላሽ ኪው ብዬ አፉን ዘግቼዋለሁ። ፎልደሩን ከፈትኩት። 48ቱም ፎልደር ስማቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ውስጣቸው ባዶ ቀፎ።

ኮምፒውተሩን ቁልፉን ተጭኜ አጠፋሁት። አውቄ አልነበረም፣ ከድንጋጤ ነው፣ በኋላ ግን ያዳነኝ አንዱ ነገር እሱ ሆነ። ከዚያ ስልኬንም አጠፋሁና ወደ ቤት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ህሊናዬ እምቢ ሲለኝ ከፍቼ መምህሩ ጋ ደወልኩ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የልጆቹን ስራ አጥፍቼዋለሁ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ላብ ውስጥ ያለውስ? ዋናው?»

«እሱንም አጽድቼዋለሁ፣ ላብ አንድን…» ብዬ ቆምኩ። ላብ ሁለት ጠፍቶ ነበር! ጠፍቶ ስለነበረ ስክሪፕቱ አልደረሰበትም። ይህን ሁሉ ጉድ ያፈላው ያ የወደቀ ብሬከር የ24 ልጆችን ስራ ባለበት አስቀምጦታል።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉኝ መምህሩ። ቁጣውን ለሰኞ አስቀመጡት።

ቅዳሜ ጠዋት ብሬከሩን አስነሳሁ። የላብ 2 ስራ ሙሉው አለ። ሁለት ቦታ ቀዳሁት፣ አንዱን ፍላሽ በኪሴ ይዤ። የቀረው ላብ 1 ነው። እዚህ ላይ የዲስክ ነገር አለ፣ ልትማሩበት የምትችሉት። የላብ 1 ኮምፒውተሮች ዲስካቸው ኤስኤስዲ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ፋይል ሲጠፋ ዊንዶውስ «ትሪም» በሚባል መልዕክት ለዲስኩ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» ይለዋል፣ ዲስኩም ጊዜ ሳይፈጅ ያጸዳዋል። ሞከርኳቸው፤ የፋይሉ ስም ይመጣል፣ ውስጡ ዜሮ በዜሮ ነው። የኔ ኮምፒውተር ግን አሮጌ ነው፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ያለው። ስንት ጊዜ ቀይሩልኝ ብዬ ደብዳቤ የጻፍኩበት። እንዲህ አይነት ዲስክ ላይ ፋይል ሲጠፋ ቦታው ነጻ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ እዚያው ነው። ስለዚህ ያጠፋችሁበትን ኮምፒውተር መጠቀም ወዲያው አቁሙ፤ ኢንተርኔት መክፈት ብቻ እንኳን ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁና የጠፋ ፋይል በሚመልሰው ፕሮግራም በ«ሬኩቫ» ፈለግኩ። የሚገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ፤ እዚያው ዲስክ ላይ መልሶ ማስቀመጥ ገና ያልወጣውን ማጥፋት ነው።

ከላብ 1 የ24 ልጆች ስራ የ21ዱ ተከፈተ። ሶስቱ አልተከፈቱም። አንዷ ልጅ ፍላሿ ላይ ነበራት፣ ይዛው የወጣችው ከፈተናው ደንብ ውጪ ነው፣ መምህሩም እኔም አላየንም። ሁለቱ ልጆች እንደገና ተፈተኑ። ከመካከላቸው አንዱ እስካሁን ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ይስቃል።

አሁን እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ። ፑሽዲን ለማጥፋት ስራ አልጠቀምም። ዴል ሙሉ አድራሻ ይቀበላል ብያለሁ፤ የኮምፒውተሩ ስም፣ ድራይቩ፣ ፎልደሩ፣ ሁሉም እዚያው መስመር ላይ ይጻፍ። ያኔ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከሆነ ትዕዛዙ «አላገኘሁትም» ብሎ ያበቃል፣ የሚወድቅበት ሌላ ቦታ የለውም። ፑሽዲ የግድ ካስፈለጋችሁ በሱና በዴል መካከል && አድርጉ። ያች ምልክት «የመጀመሪያው ከተሳካ ብቻ ቀጥል» ማለት ናት። ሁለት ምልክት ነው የቆጠብኩት፣ አስቡት። አንዷን ብቻ ካደረጋችሁ ደግሞ «ተሳካም አልተሳካም ቀጥል» ነው ትርጉሙ፣ ያው የኔ ስክሪፕት።

ሙሉ አድራሻ ስትጽፉ ጥቅሱን አትርሱ። የፎልደሩ ስም በመካከሉ ክፍት ቦታ ካለው፣ ለምሳሌ «ስቱደንት ወርክ» ከሆነ፣ ያለ ጥቅስ ዴል እንደ ሁለት ነገር ያየዋል። አንደኛው በዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለ «ስቱደንት»፣ ሁለተኛው እናንተ በቆማችሁበት ያለ «ወርክ»። አያችሁ፣ ተመልሶ እናንተው ላይ ነው። ይህኛው ገና አልደረሰብኝም፣ የደረሰበትን ሰው ግን አውቃለሁ፣ አብረን ነው የተማርነው።

ኮምፒውተሩ መኖሩን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ፒንግ (ኮምፒውተሩን «አለህ?» ብሎ የሚጠይቀውን ትዕዛዝ) እጠቀም ነበር፣ ተውኩት። ፒንግ ይዋሻል። ለሰው አይደለም፣ ለስክሪፕት። «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» ብሎ ሲመልስ እንኳን መልስ መጥቷል ብሎ ስለሚቆጥረው ለስክሪፕቱ የሚነግረው «ተሳክቷል» ብሎ ነው። ይልቅ «ኢፍ ኤግዚስት» ብላችሁ የምታጠፉትን ፎልደር ራሱን ጠይቁ። ካለ ግባ፣ ከሌለ የኮምፒውተሩን ስም አንድ ፋይል ላይ ጽፈህ እለፍ። መጨረሻ ላይ ያ ፋይል ያልጸዱትን ያሳየኛል።

ከሁሉም በፊት ግን ያንኑ መስመር ዴልን አውጥቼ በቦታው «ዳይር» አስገብቼ አስኬደዋለሁ። ዳይር የሚያሳየው ዴል የሚያጠፋውን ነው። ይህች ልማድ አንድ ሌላ ጉድ አሳይታኛለች። ድሮ የዎርድ ፋይሎች መጨረሻቸው «ዶክ» ነበር፣ አሁን «ዶክኤክስ» ነው። አሮጌዎቹን ብቻ ላጥፋ ብዬ ኮከብ ነጥብ ዶክ ብዬ ዳይር ሳደርግ አዲሶቹም ተሰለፉ። ምክንያቱ ዊንዶውስ ከዶስ ዘመን በቀረ ልማድ ብዙውን ጊዜ ለፋይሉ አጭር ስምም ይሰጣል፣ ስምንት ፊደል ነጥብ ሶስት ፊደል፣ የዶክኤክስም አጭር ስም የሚያልቀው በዶክ ነው። ዴል ሁለቱንም ስም ያያል። ዳይር ባላደርግ ኖሮ የጸሐፊዋን ዓመታዊ ሪፖርት ጠራርጌው ነበር። እትዬ እስከዛሬ አታውቅም፣ ባታውቅ ይሻላል።

ፓወርሼል (አዲሱን የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት) የምትጠቀሙ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ታተርፋላችሁ። እዚያ «ኢንቮክ ኮማንድ» ትዕዛዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላው ኮምፒውተር ይልከዋል፣ የሚፈጸመው እዚያው ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከሆነ የሚፈጸምበት ቦታ የለም፣ ወደናንተ አይመለስም። የኔ ዴል ግን እኔ ጋ ቁጭ ብሎ እጁን ነው የሚዘረጋው፣ ሲያጣ እጁ መልሶ የኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ሲስኢንተርናልስ የሚባሉት መሳሪያዎች ውስጥ ያለው «ፒኤስኤግዜክ»ም እንዲሁ እዚያ ሄዶ የሚያስፈጽም ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ከገዛው ድርጅት የመጣ፣ አሁንም በነጻ የሚገኝ። ፓወርሼል ላይ «ሪሙቭ አይተም» ከኋላው «ዋትኢፍ» ስታስከትሉበት ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ይዘረዝራል እንጂ አያጠፋም። ዎርክግሩፕ ላይ ግን ለማስጀመር ትንሽ ያስቸግራል። በየኮምፒውተሩ ሪሞቲንግን መፍቀድ አለባችሁ፣ ፖርት 5985 ክፍት መሆን አለበት፣ እናንተ ጋ ደግሞ የላቡን ኮምፒውተሮች «ትረስትድ ሆስትስ» ውስጥ ማስገባት አለ። እኔ ክረምቱን በዚህ ነው ያሳለፍኩት።

ሊኑክስ ላይም ያው ወጥመድ በሌላ ልብስ አለ። የፋይል ሰርቨራችን ኡቡንቱ ነው፣ በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ በትዕዛዝ ማዘዣ) ነው የምገባው። ሳይገቡ ከሩቁ አንድ ትዕዛዝ ብቻ መላክም ይቻላል። ኤስኤስኤች፣ የሰርቨሩ ስም፣ ሲዲ ወደ ቴምፕ ፎልደር፣ ሴሚኮለን፣ አርኤም (የሊኑክስ ማጥፊያ) ኮከብ። ይህን ያለ ጥቅስ ከጻፋችሁ እስከ ሴሚኮለኗ ያለው ብቻ ነው ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው። ከሷ ወዲህ ያለው አርኤም የሚሰራው የናንተው ላፕቶፕ ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲዲ አድርጎ ምንም ሳይሰራ ይዘጋል፣ የናንተ ፎልደር ይጸዳል። ኮከቧም ብቻዋን ተንኮል አላት፤ ያለ ጥቅስ ከተተወች መጀመሪያ የምትዘረዝረው የናንተን ፋይሎች ነው። ስለዚህ የሚላከውን ሁሉ በነጠላ ጥቅስ ጠቅልሉት። የሰርቨር ስም ከፋይል እያነበባችሁ በ«ዋይል ሪድ» የምትዞሩ ከሆነ ደግሞ ለኤስኤስኤች «ሰረዝ ኤን» ስጡት። አለበለዚያ የስም ዝርዝራችሁን ራሱ ጠርጎ ያነበዋል፣ የመጀመሪያው ሰርቨር ብቻ ይጸዳና ጨረስኩ ይላችኋል።

ሌላው ቀላል ነገር ቀለም ነው። የሰርቨሩን መስኮት ቀይ አድርጌዋለሁ፣ የኔ ጥቁር ነው። የልጅ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ (የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ድርጅት) ላይ የሆነውን ያነበበ ሰው አይስቅም። ኢንጂነራቸው በምሽት ሁለተኛውን የዳታቤዝ ሰርቨር ላጽዳ ብሎ የመጀመሪያው ላይ፣ ዋናው ላይ፣ የማጥፊያውን ትዕዛዝ ሰጠ። ሲነቃና ሲያቆመው 300 ጊጋባይት ከሚሆነው 4.5 ያህል ነበር የቀረው። ባክአፑን ሲፈልጉ ይሰራል የተባለው ባክአፕ ለካ ማንም ሳያውቅ ሲከሽፍ ከርሟል። ያተረፋቸው ከአደጋው 6 ሰዓት ያህል ቀድሞ ለሌላ ስራ በእጅ የተነሳ ኮፒ ነው፤ የዚያን 6 ሰዓት ዳታ አጡ። እኔ ያን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ፣ አልዋሽም። የወደድኩላቸው ግን ሳይደብቁ ሁሉን መናገራቸውን ነው፣ ሲጠግኑም በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩት። እኔ ስልኬን ነበር የዘጋሁት።

በኮሌጁ ደግሞ አንድ ደንብ ተተከለ። ስራ የሚሰበሰበው ሁለት ቦታ ነው፣ አንዱ ከኔ ኮምፒውተር ውጪ። መምህሩ ፍላሹን ተቀብለው፣ ሰክተው፣ ቢያንስ ሶስት የተማሪ ፋይል ከፍተው ሳያዩ ላቡ አይጸዳም። ዲስኬንም በኤስኤስዲ ሊቀይሩልኝ መጥተው ነበር፣ በመጨረሻ ደብዳቤዬ ሰምሮ። አሮጌው ይቆይልኝ አልኳቸው። እንደ ሁለተኛ ዲስክ አስገባሁት፣ የሚሰበሰበው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ መምህሩ ፍላሻቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ቢሮዬ መጡ። ተቀመጡ። ስራውን ቀድቼ ሰጠኋቸው፣ ከፍተው አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«አሁን ላጽዳ?» አልኳቸው።

«ቆይ» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ላብ ሁለት መብራት አለ?»